ክረምት፣ ተማሪና ኪነ ጥበብ በወላይታ፤ የአበል ጥያቄ በታሪክ ሲመረመር

የኮሌጅ ተማሪዎች በዕረፍት ወራት በሙዚየም፣ በቴያትር ቤት፣ በቤተ መዛግብት ወይም በሙዚቃ ተቋም ተመድበው፣ መተዳደሪያ የሚሆን ገንዘብ እየተከፈላቸው ሙያ እንዲለማመዱ ማድረግ በአንዳንድ አገሮች የተደላደለ ሥርዓት ሆኗል። ለምሳሌ ያህል በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የጌቲ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1993 በጀመረው ፕሮግራም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ለአሥር ሳምንት ያህል በከተማይቱ ሙዚየሞችና የኪነ ጥበብ ድርጅቶች በክፍያ እንዲሠሩ ያደርጋል። ዓላማውም በዚህ ሙያ ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆነ ማኅበረሰቦች የመጡ ወጣቶች እንዲገቡበት መንገድ መክፈት ነው። የአሳቡ መነሻ ለማንም ግልጽ ነው፤ ክረምቱን ያለ ክፍያ ሊሠራ የሚችለው ወላጆቹ ሊደጉሙት የሚችሉ ተማሪ ብቻ ነው።

ይህ አሠራር ወደ አገራችን ሲመጣ ስሙ አዲስ ይመስላል። ነገሩ ግን ፈጽሞ አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ ተማሪዎቿን ከመማሪያ ክፍል አውጥታ ወደ ሕዝቡ የላከችበት ጊዜ ከአንድ በላይ ነው። ወላይታም ከነዚህ ዘመቻዎች ድርሻዋን የተቀበለች፣ ቋንቋዋም በነርሱ ምክንያት በብዛት የታተመ ምድር ናት። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ጥያቄ አንድ ነው። ተማሪው ወደ ገጠር ሲላክ ለምኑ ሥራ ተከፈለው? ለኪነ ጥበብስ የተረፈው ምን ነበር?

በመጀመሪያ ለተመራማሪ የሚጠቅም አንድ ማሳሰቢያ እናስቀድም። እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መጨረሻ ድረስ በተጻፉት መዛግብት አውራጃው «ወላሞ»፣ ከተማውም «ወላሞ ሶዶ» እየተባለ ይገኛል። ሕዝቡ ራሱን በዚህ ስም አይጠራም፤ ስሙንም አይወደውም። ስለሆነም የቆየ ሰነድ የሚፈልግ ሰው በሁለቱም ስሞች መፈለግ ይኖርበታል። አስተዳደሩም እንዲሁ ተቀያይሯል። ወላይታ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር አውራጃ፣ ቀጥሎ የሰሜን ኦሞ አካል፣ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የክልሉ መቀመጫ ሆናለች።

የመጀመሪያው ምሳሌ

ተማሪ የአገሩን ባህል መዝግቦ እንዲያቀርብ የማድረግ አሳብ በከፍተኛ ትምህርታችን ታሪክ ውስጥ ገና ከጥዋቱ ነበረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1940ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የብሔረሰቦች ጥናት ማኅበር በስታኒስላቭ ሆይናትስኪና በሪቻርድ ፓንክረስት አበረታችነት መጽሔት ያሳትም ነበር። በመጽሔቱም ተማሪዎች ስለ ሠርግ፣ ስለ ልደትና ስለ ቀብር ሥርዓት የጻፉት ወጥቷል። በ1955 ዓ.ም. ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም መንገድ ጠራጊ ሆኗል። ይሁን እንጂ ሥራው የጥቂት ፈቃደኞች ሥራ ነበር። ማን ምን እንደሚጽፍ የሚወስነው ተማሪው የተወለደበት አገር ነበር። በዚያን ጊዜ ከወላይታ ገበሬ ቤት ተነሥቶ እስከ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሚደርስ ልጅ ምን ያህል እንደ ነበር ለመምህራን መንገር አያስፈልግም።

የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት

በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የተባለውን ደንብ በሥራ ላይ አዋለ። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ይገደድ ነበር። ለዚህም ወርኃዊ አበል ይቆረጥለት ነበር። ደንቡ በውጭ አገር ምሁራንም ዘንድ ትኩረት ስቧል፤ ዴቪድና ፍራንሲስ ኮርተን የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1966 ስለርሱ ጥናት አሳትመዋል።

ይህ አገልግሎት ለጉዳያችን ሁለት ቁም ነገሮችን ያስጨብጣል። አንደኛው፣ ክፍያው ሥራውን ሥራ አደረገው። ተማሪው ቤት ተከራይቶ፣ ቀለቡን ገዝቶ፣ ዓመቱን ሙሉ በአውራጃ ከተማ ሊቀመጥ የቻለው አበል ስለ ነበረው ነው። ሀብታሙም ድኻውም በእኩል ወጣ። ሁለተኛው፣ አበሉ የተቆረጠው በዋናነት ለማስተማር ነው። አብዛኞቹ አገልጋዮች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመምህራንን ጉድለት ሸፈኑ። ጥቂት የማይባሉ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያዎቹን ዲግሪ ቀመስ መምህራን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ኪነ ጥበብ በዚህ ዕቅድ ውስጥ ስም አልነበራትም። የገባችው በጎን በር፣ በወላጆች ቀን በኩል ነው። በዓመቱ መጨረሻ የትምህርት ቤቱ ግቢ በሰው ሲሞላ ከልጆቹ ጋር ድራማ የሚያዘጋጀው፣ መዝሙር የሚያስጠናው፣ የመድረኩን መጋረጃ የሚሰቅለው ብዙውን ጊዜ ወጣቱ መምህር ነበር። የወላጆች ቀን በአገራችን የቴያትር ታሪክ ውስጥ ተገቢውን ስፍራ አላገኘም። የብዙ የአውራጃ ከተማ ነዋሪ የመጀመሪያውን ድራማ ያየው በዚያ ግቢ ውስጥ ይመስለናል። ይሁንና ድራማው በአማርኛ ነው፤ ተዋንያኑ ልጆች በቤታቸው የሚናገሩት ግን ወላይትኛ ነው። ከአያቶቻቸው የሚሰሙት ተረትና የለቅሶ እንጉርጉሮ ወደ መድረኩ እንዲወጣ የሚጠይቅ መመሪያ አልነበረም።

በዚያው ዘመን፣ በ1962 ዓ.ም.፣ በዓለም ባንክ ርዳታ የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ሥራ ጀመረ። ለበቆሎውና ለማዳበሪያው በደመወዝ የተቀጠረ የልማት ሠራተኛ በየቀበሌው ይዞር ነበር። ገበሬው ስለሚዘራው የሚጠይቀው ሰው አገኘ፤ ስለሚዘፍነው የሚጠይቀው ግን አላገኘም።

ዘመቻ

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታወጀ። ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። የካኪ ልብስና የኪስ ገንዘብ ተሰጣቸው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ በየካቲት ወር ሲወጣ ዘማቹ የገበሬ ማኅበር አደራጅ ሆነ። ከዚያ በኋላ የተከተለው የፖለቲካ ግጭት በሌላ ቦታ በሰፊው የተጻፈ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ሌላ ነው። የመሠረተ ትምህርት መማሪያ ከአማርኛ ሌላ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በወላይትኛ ጭምር እንዲዘጋጅ የተደረገው በዚህ ዘመቻ ነው። ከአምስቱ አንዱ ወላይትኛ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ቀደም ሲል በወላይትኛ ይታተሙ የነበሩት በ1920 ዓ.ም. ወደ ወላይታ የገቡት ሚስዮናውያን ያሳተሟቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎችና ለአማኞች የሚሆኑ ጽሑፎች ነበሩ።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይህንኑ መንገድ ተከትሎ እጅግ አሰፋው። በእነዚሁ አምስት ቋንቋዎች ጀምሮ የቋንቋዎቹ ቁጥር ቆይቶ 15 ደረሰ። ዋናው የዘመቻ ዙር የሚካሄደው በክረምት ነበር፤ ተማሪው ከትምህርት የሚያርፍበት፣ ገበሬው ደግሞ ጭቃና አረም የሚይዘው ወቅት ማለት ነው። ኢትዮጵያም በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ተቀበለች።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድን የመማሪያ መጽሐፍ በቋንቋው ለማዘጋጀት ምን እንደሚያስፈልግ እንመልከት። ፊደል ብቻ አይበቃም። የሚነበብ ምንባብ ያስፈልጋል፤ ምንባቡ ደግሞ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ የሥራ ዘፈንና የቤተሰብ ወግ ይፈልጋል። ይህ በትክክለኛ ስሙ ሲጠራ የሥነ ቃል ስብሰባ ነው። ከዚህም ሌላ የአጻጻፍ ችግር አለ። በወላይትኛ የአናባቢ መርዘምና ማጠር፣ የተነባቢ መጥበቅና መላላት ትርጉም ይለውጣል። የግዕዝ ፊደል ግን መጥበቁንም መርዘሙንም አያሳይም። አማርኛ ተናጋሪ «አለ» የሚለውን ቃል ከዐረፍተ ነገሩ አካሄድ ተረድቶ አጥብቆ ወይም አላልቶ ያነባል። ገና ማንበብ የጀመረ ጎልማሳ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ሊገምት አይችልም። ስለዚህ በየጣቢያው ጠመኔ ይዞ የቆመው የክረምት አስተማሪ፣ ሳይሾምበትና ሳይሠለጥንበት፣ የቋንቋ ባለሙያ ሥራ ተጥሎበት ነበር።

የመሠረተ ትምህርቱ ዘማች እንደ ዩኒቨርሲቲ አገልጋዩ የተቆረጠ አበል አልነበረውም። ቀለቡና ማደሪያው በአብዛኛው በኅብረተሰቡ ትከሻ ላይ የወደቀ ነበር። ለብሔራዊ ግዴታ ይህ ይበቃል ሊባል ይችላል፤ ፊደል ለማስቆጠርም በቅቷል። ነገር ግን ዘማቹ ማታ ከሽማግሌ አጠገብ ተቀምጦ የሰማውን ተረት እንዲጽፍ፣ ጽሑፉንም ለአንድ ቢሮ እንዲያስረክብ የሚያዝዘው ሰው አልነበረም። ወረቀቱንና ጊዜውን የሚከፍልለትም እንዲሁ። የዘመቻው ሪፖርት የሚጠይቀው የተመዘገቡትን፣ የተፈተኑትንና ያለፉትን ቁጥር ነው። ለተረት የተዘጋጀ ዓምድ አልነበረውም።

ኪነት

ኪነ ጥበብ በዚያ ዘመን ችላ ተብላ ነበር ብንል ግን እውነቱን እናዛባለን። እንዲያውም በአገራችን ታሪክ ኪነት እንደ 1970ዎቹ የተስፋፋችበት ዘመን አይታወቅም። እያንዳንዱ ቀበሌ፣ ትምህርት ቤትና ገበሬ ማኅበር የኪነት ቡድን ነበረው። ከቀበሌ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ክፍለ ሀገር ውድድር ይደረግ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የቴያትር ጥበባት ትምህርት ክፍሉን የከፈተው በዚሁ ዘመን ነው። የወላይታ ጭፈራ፣ ወገብና ዳሌን በፈጣን ምት የሚያስኬደው፣ በመላው አገሪቱ መድረኮች የታወቀና የተወደደ ሆነ።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። የቀበሌ ኪነት ከሥራና ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚሠራ፣ ያለ ክፍያ የሚገባበት ነበር። ዜማው የሕዝብ፣ ግጥሙ ግን የወቅቱ መፈክር ነበር። መፈክሩ ሲያልፍ ዘፈኑም አብሮ አለፈ። በመድረክ ላይ «የወላይታ ጭፈራ» ተብሎ ሲቀርብም ከየትኛው ቀበሌ፣ ከየትኛው ባለሙያ እንደ ተወሰደ መግለጽ ልማድ አልነበረም። ከቀርከሃ፣ ከቀንድና ከእንጨት የሚሠሩትን የትንፋሽ መሣሪያዎች የሚቀርጸው ሰው እንደ ባለሙያ ተቆጥሮ ተማሪ አልተመደበለትም። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ የኪነት ቡድኖቹ ተበተኑ። ለብዙ ዓመታት የለፉባቸው ወጣቶች ዕውቀታቸውን ይዘው ወደየኑሯቸው ገቡ።

ሌላ አገር በተመሳሳይ ችግር ጊዜ ምን እንዳደረገ ማየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ሥራ ፈት ለሆኑ ጸሐፊዎችና ምሁራን የፌዴራል ጸሐፊዎች ፕሮጀክት የተባለ የደመወዝ ሥራ አቋቋመች። እነዚህ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1938 ባለው ጊዜ በባርነት ተወልደው በሕይወት የነበሩ አረጋውያንን እየፈለጉ ከ2,300 በላይ የሕይወት ታሪኮችን መዘገቡ። በጠያቂዎቹ አቀራረብና በአጻጻፋቸው ላይ የተነሡ ትችቶች አሉ፤ ትችቶቹም ተገቢ ናቸው። ቢሆንም ተናጋሪዎቹ አብዛኞቹ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ስለ ነበሩ ሥራው አሥር ዓመት ቢዘገይ የሚጠየቅ ሰው ባልተገኘም ነበር። ፕሮጀክቱን ልዩ ያደረገው የጸሐፊዎቹ ችሎታ ብቻ አይደለም። ሥራው ስም፣ ደመወዝና የጽሑፍ መረከቢያ ነበረው።

ከፊደል ለውጥ በኋላ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቀደ። ወላይትኛ የላቲን ፊደልን ተቀበለ። በዚህ ፊደል መጥበቁም መርዘሙም ፊደል በመደራረብ ይታያል። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሰው የአጻጻፍ ችግር መፍትሔ አግኝቷል። ነገር ግን የ1967ቱና የ1971ዱ መማሪያዎች በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ናቸው። የዛሬው ተማሪ ፊደሉን ከአማርኛ ትምህርቱ ያውቀዋል፤ ወላይትኛን በዚያ ፊደል ማንበብ ግን አልለመደም። የነዚያን መጻሕፍት ምንባቦች አሰባስቦ በአዲሱ አጻጻፍ መገልበጥ ለአንድ ክረምት ተለማማጅ እጅግ የሚስማማ ሥራ ነው።

በዚህ መካከል የደረሰውን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በአንድ በተቀነባበረ የመማሪያ ቋንቋ ለማስተማር ታቅዶ መጻሕፍት ተዘጋጁ። በኅዳር 1992 ዓ.ም. በሶዶ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ተሰበሰቡ። ስለ ጉዳዩ ፖለቲካ ብዙ ተብሏል። ለትምህርት ዕቅድ አውጪ ግን አንድ ግልጽ ነገር አለው። የአንድን ሕዝብ ቋንቋ የሚያስተምር መጽሐፍ ከተናጋሪው አፍ ካልተለቀመ ተናጋሪው የራሱ ነው ብሎ አይቀበለውም። ልቀማው ደግሞ ሰው ይፈልጋል፤ ሰውየውም የሚበላው ይፈልጋል።

ዛሬ ሁኔታው በአንድ በኩል ተሻሽሏል። በ1990 ዓ.ም. የባህል ፖሊሲ ወጥቷል። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የወላይታን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። ቀደም ሲል ሥዕልም፣ ሙዚቃም፣ ቴያትርም ለመማር አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነበር፤ የሄደውም በብዛት እዚያው ይቀራል። አሁን ተማሪው ከሚያጠናው ሕዝብ መካከል ሆኖ ሊማር ይችላል።

በሌላ በኩል ግን የተማሪው ኪስ ከዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ዘመን ይልቅ ተራቁቷል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው የትምህርቱን ወጪ የሚጋራ ባለዕዳ ነው። ወላይታ በአገሪቱ እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ ሕዝብ ከሰፈረባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 1,501,112 ነበር። የቤተሰቡ መሬት ጠባብ ነው። ክረምት እንሰቱና ሥራ ሥሩ የቤቱን ጉሮሮ የሚደግፍበት፣ ወጣቱም ሥራ ፍለጋ ወደ ሶዶ፣ ወደ ሐዋሳና ወደ አዲስ አበባ የሚወጣበት ወቅት ነው። በየክረምቱ የሚጠራው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ችግኝ በመትከልና የአረጋውያንን ቤት በመጠገን የሚመሰገን ሥራ ይሠራል። ነገር ግን ሁለት ወር ሙሉ ከአንድ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ አጠገብ መቀመጥን የሚጠይቅ ልምምድ በበጎ ፈቃድ አይቻልም። ቢሞከርም የሚመጡት የነጋዴና የደመወዝተኛ ልጆች ይሆናሉ። ተረቱን የሚያውቁት አያቶች ያሉት ግን በገበሬው ልጅ ቤት ነው።

የአበሉ መጠን ለፋይናንስ ባለሙያዎች የሚተው ነው። ሚዛኑ ግን ተማሪው በቀን ሥራ ሊያገኝ ከሚችለው እንዳያንስ ነው። ከዚያ ካነሰ ምልመላው ራሱ ድኻውን ይጥላል። ባለሙያውም መዘንጋት የለበትም። ዕውቀቱን የሚሰጠው ሽማግሌ ወይም ሸማኔ ከተማሪው ያላነሰ ይገባዋል። ለተማሪው ከፍሎ መምህሩን በምስጋና መሸኘት በሽማግሌው ዘንድ እንደ ንቀት ይቆጠራል። የሥራው ስፋትም አያስፈራ። በአንድ ወረዳ ሁለት ተማሪዎች ቢመደቡና እያንዳንዳቸው በሳምንት አንድ ባለሙያ ወይም አዛውንት ቀርጸው ቢገለብጡ በአሥር ሳምንት ሃያ የተሟሉ መዝገቦች ይገኛሉ።

ለተቆጣጣሪነትም ከሩቅ መፈለግ አያሻም። በክረምት ወራት መምህራን ትምህርታቸውን ለማሻሻል ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ይገባሉ። ከየወረዳው የተሰበሰበ፣ አካባቢውን የሚያውቅ፣ ልጆች ምን ዓይነት ምንባብ እንደሚያነቡ በየቀኑ የሚያይ ሰው ከዚህ የተሻለ ከየት ይገኛል? ተለማማጁ የገለበጠውን ተረት አርብ ዕለት ለነዚህ መምህራን ቢያነብ የአጻጻፉ ስሕተት እዚያው ይታረማል። መምህሩም ለሚቀጥለው ዓመት ክፍሉ የሚሆን ምንባብ ይዞ ይመለሳል።

በመጨረሻ የቀን አቆጣጠር ጉዳይ አለ፤ ትንሽ ቢመስልም ዕቅዱን ሊያበላሽ ይችላል። የወላይታ የዘመን መለወጫ ጊፋታ የሚውለው ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ነው። ወንዱ ለቅርጫው በሬ፣ ሴቷ ለቅቤው ስታጠራቅም ቆይተው፣ ዓመቱን ሙሉ የተያዘው ዘፈን፣ ጭፈራና ምርቃት የሚወጣው በነዚያ ቀናት ነው። በሐምሌ መጀመሪያ ገብቶ በነሐሴ መጨረሻ ሻንጣውን የሚዘጋ ተለማማጅ ሲጠይቅ ለከረመበት ነገር ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ይሄዳል። ስለዚህ አሥሩ ሳምንት ከሐምሌ አጋማሽ ተነሥቶ ከጊፋታ ማግስት ቢደርስ፣ ዩኒቨርሲቲውም ለነዚህ ተማሪዎች የምዝገባውን ቀን በአንድ ሳምንት ቢያራዝም፣ ተማሪው በክረምቱ በቃል የተነገረውን በሜዳ ላይ ሲፈጸም አይቶ ሊያመሳክር ይችላል።